አንጓችና አምስተኛው ብረት

አንጓች በሞተች ማግሥት እንጅባራ ውስጥ ወዳጅ በዛላት። በሕይወት ሳለች ሰላምታ ይነፍጋት የነበረው ሁሉ ፎቶዋን ስልኩ ላይ ለጥፎ ሲያለቅስ አረፈደ። አንዱ የባጃጅ ሾፌርማ ፎቶዋን አሳትሞ ከኋላ መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ይሄው ሰው ያኔ ፊቷን ዱቄት ተቀብታ መንገድ የወጣች ለት «ወንበሬን ታቆሽሺብኛለሽ» ብሎ አልጭንም ያላት ነው። አሁን ከተማውን ሙሉ ይዟት ይዞራል። ሰው ሲሞት ይቀላል መሰለኝ።

መሞቷንም ያወቅሁት ከዚያው ባጃጅ ላይ አንብቤ ነው። ስሟ ተጽፏል፤ ከሥሩ «የመልቲሚዲያና የፐርፎርማንስ አርቲስት» ይላል። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ ረጅም ቃል አልወድም። ያንን ሦስት ጊዜ አንብቤው ሦስቱንም ጊዜ የከብት መድኃኒት ስም መሰለኝ። ከዚያ በታች ኩላሊቷን ታማ አዲስ አበባ ስትታከም ቆይታ ማረፏን ይናገራል። እሱ አጭር ነው፤ ባንድ ንባብ ገባኝ።

ሠዓሊ ናት ይሏታል። እኔ ግን ስትሥል አይቻት አላውቅም። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምራ ስትመለስ ሰው የጠበቀው ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትሥላለች ብሎ ነው፤ ባይሆን ሆቴል ግድግዳ ላይ ፏፏቴና ዝሆን። እሷ ይዛ የመጣችው ካሜራ፣ ስፒከር፣ ፕሮጀክተርና አንድ ነጭ አንሶላ ነበር። የምትለብሰው የወንድ ጃኬት ነው፤ ኪሱ ሁሉ ሽቦ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ደግሞም ጥቁር። ጥቁር ስል ጠይም ሆኖ ራሱን «ቀይ ዳማ» እንደሚለው ሰው ማለቴ አይደለም፤ ጥቁር። ቤተሰቦቿ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ መሬትና ደን ያላቸው፣ ከሰል የሚያከስሉ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። የልጅቷን መልክ ሲያስረዱ፣ እናቷ እርጉዝ ሳለች የከሰል ጭስ መቷት ነው ይላሉ። አራት ወንድሞቿ በዚያው ጭስ ተረግዘው፣ በዚያው ጭስ አድገው ቀያይ ናቸው። ጭሱ ሴት ለይቶ የሚመታ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ያየኋት አንድ የገበያ ቀን፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። የፊቷን ግማሽ በነጭ ጤፍ ዱቄት፣ ግማሹን በከሰል ተቀብታ፣ ሳትናገር ሳትነቃነቅ ቆማለች። አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ካርቶን «የትኛው ግማሽ ያምራል?» ብላ ጽፋለች። ካሜራው ከጎን ሆኖ ይቀርጻል። ሕዝቡ ከበባት። አንዲት ሴትዮ ድግምት ነው ብላ፣ ጠበል የሚወስዳት ዘመድ ትፈልግላት ጀመር። አንዱ ሙዝ ሰጣት። ካርቶኑን የሚያነብ ሰው ሲገኝ ግን ነገሩ ተቀየረና ሁሉም ጣቱን ይቀስር ጀመር። ወደ ዱቄቱ ነው። ሽማግሌው ወደ ዱቄቱ፣ ተማሪው ወደ ዱቄቱ፣ ከእሷ የጠቆረው ጆንያ ተሸካሚ እንኳ ወደ ዱቄቱ። የእኛ ከተማ ሰው በምንም ነገር አይስማማም፤ በዚህ ግን ተስማማ። እኔም ጠቁሜያለሁ። ወዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ለምን እንደመጣች ለመናገር ደግሞ እኔ ማን እንደሆንኩ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ይሄን ደግሞ ከስድሳ ዓመቴ በፊት በፈቃዴ አድርጌው አላውቅም።

ቀጥቃጭ ነኝ። ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት። ገበሬው የሚያርሰው በእኔ ማረሻ፣ የሚያጭደው በእኔ ማጭድ ነው። ድግስ ሲደግስ ግን ለእኔ የሚቀርብልኝ ከደጅ ነበር፣ ለብቻ በተለየ ቅል። ጠጥቼ ስጨርስ ቅሉ ይሰበራል። ቡዳ ነኛ፤ ሰው በዓይኔ እበላለሁ። ሰው የምበላ ብሆን ኖሮ እንዲህ ከስቼ አታዩኝም ነበር። ዛሬ ዛሬማ ሥልጣኔ መጥቷል፤ ድግስ ላይ ለሁሉም የሚጣል የላስቲክ ኩባያ ይታደላል። የእኔን ብቻ ይጥሉ የነበሩት አሁን የሁሉንም ይጥላሉ። እኩልነት ካላችሁ ይሄው። ከእኔ ሱቅ ሦስት በር አልፎ ብረት በኤሌክትሪክ የሚበይድ ሰው አለ፤ እሱ «ቴክኒሻን» ይባላል፤ ከሰው ጋር ይበላል፣ ይጠጣል። የእኔና የእሱ ልዩነት ሶኬት ነው።

የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር መምህሩ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ አለን። በማግሥቱ ወደ ሥራ ስሄድ ሱቄ በር ላይ በኖራ የተጻፈች፣ ለዓመታት የቤት ቁጥር ትመስለኝ የነበረች ነገር አለች፤ ቆሜ አነበብኳት። «ቡዳ» ትላለች። ከክፍል ውጭ ያነበብኳት የመጀመሪያ ቃል እሷ ናት። ሁለት ፊደል ናት፤ ለጀማሪ ትመቻለች። አልፋቅኋትም። ሰርተፍኬቴን ማን ይፍቃል?

አንጓች ያንን በር ፎቶ ስታነሳ ደረስኩባት። ልቆጣ አፌን ስከፍት እሷ አልፋኝ ገብታ፣ ብረት ከምቀጠቅጥበት ከመስፉ አጠገብ ያስቀመጥኳትን የውሃ ጣሳዬን አንስታ እስከ ግማሽ ጠጣች። ክው አልኩ። ከቤተሰቤ ሌላ በጣሳዬ የጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት። በእኔ ጣሳ የሚጠጣ ሰው ወይ ምርጫ ይወዳደራል ወይ ፊልም ይሠራል።

«ጠምቶኝ ነው ጋሽ አበጀ» አለች። ከዚያ አፏን በጃኬቷ እጅጌ ጠርጋ፣ «ፊልምም እሠራለሁ» አለች።

ቢያንስ አልዋሸችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየመጣች ከወናፉ ፊት ትቀመጥ ጀመር። ሰው ሲናገር አታየውም፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ታዞራለች፣ ነገሩን በወንፊት የምታጠልል ይመስል። ደስ ያላት ነገር ሲገኝ «ቆይ፣ ይሄ ይቀረጽ» ትላለች። ለሌላው ለሁሉም መልሷ አንድ ነው። ገበያተኛው እብድ ቢላት፣ እናቷ አሳፈርሽን ብላ ብታለቅስባት፣ እኔ ሥራሽ ሥራ አይደለም ብላት፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ተሳዳቢ እንደዚህ የሚጠላው መልስ የለም። ከስድቡ ቀጥሎ የሚባለውን ማን ያዘጋጃል? እኔ ራሴ ብዙ ቀን ከዚያስ ጠፍቶብኝ ወናፌን ነፍቻለሁ።

አንድ ቀን ከመኪና ባሌስትራ ሰባት ብረት ቀጥቅጬ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ክንድ የሚያህሉ፣ የሚንጠለጠሉ።

«ለምን ሊሆኑሽ ነው?»

«ሊመቱ።»

ማጭድ አይደሉም፣ መጥረቢያ አይደሉም፤ ሊመቱ ብቻ። ለዚያማ እኔን ራሴን ለምን አታንጠለጥይኝም አልኳት። እስኪያስላት ሳቀች፤ ከዚያ አስረዳችኝ።

አባቷ አያ ተገኘ አጥንት ቆጣሪ ናቸው። በእኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የዝምድና ነገር ነው ይባላል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ይሁን። ግን ሁሉም የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ ከሰባቱ አባቶች መሃል ቀጥቃጭ ወይ ባርያ ብቅ እንዳይል። ከአዲስ ቅዳም እስከ ዳንግላ ትልቅ ቤት ሲጋባ የሚጠሩት አያ ተገኘ ነበሩ። የልጅቷ ወገን አባቶቹን እየጠራ ሲሄድ እሳቸው ለያንዳንዱ ስም አንድ ጣት ያጥፋሉ። ሰባተኛዋ ስትታጠፍ «ሞልቷል» ይላሉ። «ሞልቷል» እስኪሉ ድረስ ምራቁን የሚውጥ ሰው የለም።

አንጓች ለሁለት ዓመት በየቤቱ እየዞረች ሽማግሌዎችን ስታስቆጥርና ስትቀርጽ ኖራለች። ሰባቱ ብረቶች ሰባቱ አባቶች ናቸው። አንዱ ብረት ግን፣ አምስተኛው፣ እንዳይጮኽ አድርገው ይሥሩልኝ አለችኝ።

ይሄን ስትነግረኝ ነው በእውነት የተናደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የማይጮኽ ብረት ከእጄ እንዳይወጣ ስጠነቀቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማይጮኽ ብረት ውስጡ የተሰነጠቀ ነው፤ ማረሻ ቢሆን ድንጋይ ሲነካው ለሁለት ይሆናል። እሷ ይሄን አስባ ነው የምታዝዘኝ። እሺ ብዬ አበላሽቼ ሠራሁት፤ ሰቅዬ ስመታው እንደ ደወል ጮኸ። ደግሜ ሠራሁት፤ ከፊተኛው ይልቅ ጮኸ። እጄ እምቢ አለ። በሦስተኛው እስኪነጣ አግዬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድፍቅ አደረግሁት፤ ውስጡ ሲሰነጠቅ እጄ ላይ ተሰማኝ። ሰቅላ መታችው። ጧ አለና ቀረ። አንድ ዓይኗን ጨፍና «አዎ፣ ይሄ ነው» አለች። እንደ እሷ ባለ ደስታ የተረከበኝ ደንበኛ የለም፤ የተረከበችው ደግሞ ብልሽት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ታዲያ እኔም የራሴ ጉድ ነበረብኝ። ልጄ ትርንጎ መምህርት ሆና ዳንግላ ትሠራለች፤ እዚያው ከአንድ የእህል ነጋዴ ልጅ ጋር ተዋደዱ። የልጁ አባት አቶ ፈንታ የተከበሩ፣ ለጨዋ ቤት ሟች ሰው ናቸው። ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «ብረታ ብረት» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ማሽን የታያቸው ይመስለኛል። ወናፍም እኮ ማሽን ነው፤ የፍየል ቆዳ ማሽን። ሰርጉ ሊቆረጥ ጥቂት ሲቀረው ግን፣ እንደ ወጉ አጥንት ይቆጠር አሉ፤ የሚቆጥሩልንም አያ ተገኘ ናቸው አሉኝ።

ቀኑ የተቀጠረው አንጓች ዳንግላ ላይ ትርኢቷን ከምታሳይበት በቀጣዩ ሳምንት ነው። በእሷ ፊልም ውስጥ ደግሞ እኔ ከነፊቴ፣ ከነወናፌ አለሁ። አቶ ፈንታ ፊልሙን ካዩ ልጄ ከመቆጠሯም በፊት አለቀላት። ፊልሙ ቢያልፈኝ አያ ተገኘ አያልፉኝም፤ ሰባት የሐሰት አባት ፊታቸው ላይ ጠርቶ የወጣ ሰው እንደሌለ ይታወቃል።

ሄጄ ለአንጓች ነገርኳት። ልመና አልችልበትም፤ ስለዚህ ሰደብኳት። ሰውን የምትጠቀሚበት ከሰል አደረግሽው፣ አንቺ ቀርጸሽ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ፣ እሳቱ የሚበላው እዚህ የቀረውን ነው አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። እሺ ከዚያስ ትላለች ብዬ ስጠብቅ አላለችም።

«የሚቆጥርልዎ ማነው?» አለች።

«አባትሽ።»

ካሜራዋን ከፍታ እኔ ያለሁበትን ፈለገች። ከዚያ ፊቴን ቆርጣ እንደምታወጣ፣ እጄንና ድምፁን ብቻ እንደምታስቀር ነገረችኝ። «ይምጡና ይዩት ግን» አለችኝ። «ከአቶ ፈንታም ጋር ይቀመጡ። የደበቀ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ነው የሚታወቅበት።»

ትርኢቱ በአጎቷ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሰባቱ ብረቶች ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከኋላቸው አንሶላው። አባቷ ልጄ የባህል ፊልም ልታሳይ ነው ብለው ሰው ጠርተው፣ ከፊት ወንበር ላይ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው ተቀምጠዋል። እኔ የጎረቤት ጋቢ ተውሼ ከአቶ ፈንታ ጎን ጨዋ ሆኜ ተሰይሜያለሁ። አንሶላው ላይ መጀመሪያ የወጣው የእኔ እጅ ነው፤ የተቃጠለችው አውራ ጣቴ የበር መዝጊያ አክላ። አቶ ፈንታ ጎበዝ ሠራተኛ ነው አሉ። ቴክኒሻን ይሆናል አልኳቸው።

ከዚያ ስፒከሩ ተከፈተ። የሰማነው ስም አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀረጸቻቸው ሽማግሌዎች ስሞቹን ሁሉ ቆርጣ ጥላ፣ ያስቀረችው ሲቆጥሩ ቆም የሚሉበትን ቦታ ነው። እህህ። እህም። ሳል። ምራቅ ሲዋጥ። «እእእ... ቀጥሎ...»። አራተኛው ወይ አምስተኛው አባት ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን የማይጠርግ ሽማግሌ በአገሩ የለም ለካ። መጀመሪያ መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አንድ በአንድ የራሳቸውን ሳል የሚያውቁት ዝም እያሉ ሄዱ። ሳል እንደ ፊት ነው፤ ሚስት ታውቀዋለች።

አንጓች ወጣችና በአንዲት ትንሽ መዶሻዬ የመጀመሪያውን ብረት መታች፤ «ተገኘ» አለች፣ አባቷን። ብረቱ ጮኸ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፤ በያንዳንዱ ስም ብረቱ እየጮኸ መጋዘኑን ሞላው። አባቷ ደስ ብሏቸዋል፤ ጣታቸውን ከልጃቸው ጋር ያጥፋሉ። አምስተኛው ላይ ቆመች።

«አምስተኛው ላይ አባቴ በየጊዜው ሌላ ስም ይጠራል» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አምስተኛዋ ሴት ናት። ከቆላ ተገዝታ የመጣች። ስሟን የያዘላት የለም። እኔ የመሰልኩት እሷን ነው።»

መታችው። ጧ አለና ቀረ።

አያ ተገኘ የታጠፉ አራት ጣቶቻቸውን አዩ። ተነሡ፤ ዱላቸውን ይዘው ማንንም ሳያዩ ወጡ። ወንድሞቿም ተከተሏቸው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የምናገረው አለኝ፤ ይሄን ጽሑፍ የምጽፈውም ለሱ ነው። አቶ ፈንታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ስንቱን ቤት ሲቆጥር ኖሮ የራሱ ቤት ባርያ ኖሯል? እኛስ ተጠንቅቀን መጋባታችን ነው ደጉ። አይደለም አቶ አበጀ?» አሉኝ።

«ልክ ነዎት» አልኩ። ራሴንም ነቀነቅሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ጨዋ።

ቀና ስል አንጓች ከብረቶቹ መሃል ታየኛለች። አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። አልቀረጸችም፤ ካሜራው ወደ ሌላ ዞሮ ነበር። ቢቀረጽ ይሻለኝ ነበር፤ ፊልም ሰው ይረሳዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቆጣሪው አልመጡም። አያ ተገኘ ከዚያ ቀን ወዲያ የማንንም ቤት አልቆጠሩም፤ ማንም አልጠራቸውም። ሌላ ቆጣሪ ይፈለግ ቢባል ሁሉም ቀጠሮ በዛበት። ሳላቸው የተቀረጸባቸው ናቸውና። አቶ ፈንታ ድግሱ ተጠምቋል፣ ቀኑም ደርሷል፣ በእርስዎስ ምን እንጠራጠራለን አሉኝ። ልጄ ሳትቆጠር ተዳረች። ያልተቆጠረ አጥንት ሁሉ ንጹሕ ነው።

አንጓችን ግን አባቷ ከቤት አስወጧት። ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል ብረቶቹን በጆንያ ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። ማጭድ ያድርጓቸው ብላ ከበሩ ሥር አስቀመጠች፤ ጣሳዬን አንስታ ጠጣች። ይቅርታ የሚባል ቃል አፌ ላይ ነበረ። ያወጣሁት ሌላ ነው፤ አሁን አባትሽን በቁማቸው ገድለሽ ምን አተረፍሽ አልኳት።

«ትርንጎ በሰላም ገባች?» አለችኝ።

«ገባች።»

«እንግዲያው ብረቱ ሠርቷል» አለችና ወጣች።

የአባቷን አምስተኛ ቤት በሰው ፊት የገለጠችው ለሥራዋ ብላ ይሁን ለልጄ ብላ፣ ወይ አስቀድማ ልትለው የነበረ ይሁን፣ አላውቅም። ዓመታት አሰብኩበት። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ መገላገል ነበር፤ እኔ ደግሞ መጠየቅ የማውቀው ዋጋ ብቻ ነው። ስድስቱን ብረት ማጭድ አደረግኋቸው። አምስተኛው ማጭድም አይሆን፤ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል።

ትርንጎን በየበዓሉ ልጠይቃት ስሄድ በረንዳ ላይ ለብቻ ይዛኝ «አባ፣ ለእኔ ብለህ ዝም አትበል፤ ዝምታህን ተሸክሜ የምኖረው እኔ ነኝ» ትለኛለች። ባሏ ያውቃል፤ ገና ሳይጋቡ ነግራዋለች። የማያውቁት አባቱ ናቸው። እኔም «ሰዓቱ ሲደርስ» እላለሁ። ሰዓቱ እኔን ሲጠብቅ ነበር ለካ።

ቀብሯ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ በእናት አባቷ ደብር ሆነ። ያባረራት አገር አስከሬን ስትሆን በመኪና አጅቦ ተቀበላት። ፎቶዋ ያለበት ቲሸርት የለበሱ አሉ። የሕይወት ታሪኳን አንዱ ወንድሟ አነበበ፤ ለወላጆቿ ታዛዥ፣ ባህላችንን ያስተዋወቀች፣ ጨዋታ ወዳድ። ምን እንደሠራች አንድም ቃል የለበትም። በደንብ አዳምጫለሁ፤ ያነበበው ሰው አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። አዎ፣ ውስጥ፤ ጋብቻ ከደጅ አንስቶ፣ ለቀብር ከዳንግላ ከመጡት ከአቶ ፈንታ ጎን አስቀምጦኛል። የሚያውቁኝ ገበያተኞች ነበሩ፤ እዚያ ተቀምጬ ሲያዩኝ ዓይናቸውን ተጠራጠሩ። አያ ተገኘ ከእኛ ሁለት ሰው አልፈው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ በጣም አርጅተዋል። የሚጣለው ኩባያ አልቆ ነበርና ውሃ በአንድ ኩባያ ይዞራል። እኔ ጠጥቼ ለአቶ ፈንታ አቀበልኩ። እሳቸውም ጎንጨት አሉና ኩባያውን እንደያዙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ይቺ ልጅ የአባቷን ወገብ ሰብራ ነው የሄደች። እኛ እንዲህ ካለ ቤት አለመግባታችን ተመስገን ነው። አይደለም አቶ አበጀ?»

ያው ጥያቄ ነው። ሰው በሕይወቱ አንድ ፈተና ሁለት ጊዜ አይሰጠውም፤ እኔ በጎልማሳነቴ ስለተማርኩ ይሆናል የደገሙልኝ።

«ልክ አይደሉም» አልኩ። «በር ላይ የሰቀለቻቸውን እነዚያን ብረቶች...» ብዬ ተሳሳትኩ። «ከወራጁ ላይ የሰቀለቻቸውን ብረቶች የቀጠቀጥኩላት እኔ ነኝ፤ በወናፍ። ቀጥቃጭ ነኝ። ሳንቆጠር ነው የተጋባነው፤ አሁን ይቁጠሩኝ።»

ጠራኋቸው። አባቴ ቢያዝን፣ ቀጥቃጭ። አላምረው፣ ቀጥቃጭ። ጓዴ፣ ቀጥቃጭ። እጅጉ። አምስተኛው ላይ ጉሮሮዬን መጥረግ አማረኝ፤ ውጬ ቀጠልኩ። ተሰማ፣ ቀጥቃጭ። ጎሹ። ውቤ፣ እሱም ቀጥቃጭ። አቶ ፈንታ ኩባያውን አልጠጡም፣ አላስቀመጡም፤ በአየር ላይ ይዘውታል።

ሁለት ሰው አልፈው አያ ተገኘ አንገታቸውን እንደደፉ ጉልበታቸው ላይ ያለው እጃቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል፤ ከግራው ሁለት ጣት ታጥፏል። ለዓመታት ያልተናገሩትን ቃል፣ ማንንም ሳያዩ ተናገሩት።

«ሞልቷል» አሉ።

ተነሥቼ ወጣሁ፤ ቁጭ በል ያለኝም ውጣ ያለኝም የለም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ትርንጎ ደወለች። ሁሉን ሰምታለች። አቶ ፈንታ ጠዋት ቤቷ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ብዙ ቆይተው ውሃ ጠየቋት አለችኝ። በምን ሰጠሻቸው አልኳት። በራሴ ኩባያ አለች።

«ጠጡ?»

«ጠጡ አባ። እንደ ኮሶ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው እንጂ፣ እስከ ታች ጠጡት።»

አንጓች ብትኖር «ቆይ፣ ይሄ ይቀረጽ» ትል ነበር። ስለሌለች እኔ ጻፍኩት።